ያልተደፋው ብርጭቆ

— ሄሎ! … ሄሎ? … ኧረ በመጨረሻ! የት ነሽ? ደረስሽ? ታች በሩ ጋ ነሽ? … አይሰማም፣ ጮክ በይ። … አሁን ይሰማል። ቆይ ወደ ማእድ ቤት ልግባ፤ እዚህ ሆኜ እንደ ልቤ ማውራት አልችልም።

ልጅቷ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ፣ በአንድ እጇ የቁርስ ሳሕን፣ በሌላው ግማሹ ያልተጠጣ የሻይ ስኒ ይዛ፣ የመኝታ ቤቱን በር በክርኗ ገርበብ አድርጋ ወጣች። የነርስነት ትምህርቷን ለመጨረስ የቀራት አንድ የተግባር ፈተና ብቻ ነበር። ፈተናው ዛሬ ነው፤ ፈታኞቹም ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጠብቋታል። እጇ ክረምት ከበጋ ስለሚቀዘቅዝ የክፍል ጓደኞቿ «በረዶ» ይሏታል። የደወለችላት ደግሞ በችኮላዋ ምክንያት «ጄት» የሚል ቅጽል የወጣላት የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ እሷ ፈተናዋን ትናንት ጨርሳለች።

— ምን አልሽ? … አትመጪም? … አልመጣም ማለት ምን ማለት ነው? … ቆይ፣ ቆይ፣ አትንደርደሪብኝ፤ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። የክሊኒኩ ቃለ መጠይቅ አለቀ ወይስ አላለቀም? … አለቀ። እሺ። … ቀጠሩሽ? በቋሚነት? … ዛሬውኑ ጀምሪ አሉሽ! … እንኳን ደስ አለሽ። … ብያለሁ እኮ፣ እንኳን ደስ አለሽ ብያለሁ! ሌላ ምን ላድርግልሽ? ስልኩን አስቀምጬ ላጨብጭብልሽ?

ሳሕኑን ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ወረወረችው እንጂ አስቀመጠችው አይባልም። ከዳቦው የጎደለው አንድ ጥግ ብቻ ነበር፤ እንቁላሉም አልተነካም።

— የኔስ ፈተና? … የኔስ ፈተና እልሻለሁ፣ ስለ አዲሱ ጋዋንሽ ኪስ ማን ጠየቀሽ! … «መላ አታጪም» ትለኛለች ደግሞ። ትናንት ምን ተባብለን ነው የተለያየነው? «ፀጉርሽን ሳታበጥሪ እደርሳለሁ» ያለችኝ አንቺ ነሽ ወይስ ሌላ ጄት አለች? … ማን ያዘሽ ታዲያ? «ለአንድ ሰዓት ፍቀዱልኝ፣ ሕመምተኛ ትቼ መጥቻለሁ» ማለት አፍሽን ያቆስለዋል? … አሃ። በመጀመሪያ ቀን እንዲህ አይባልም። አዎ፣ ልክ ነሽ፤ በመጀመሪያ ቀን ጨዋ መምሰል ነው የሚያስፈልገው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የዚህ ቤት ባለቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ አሁን ግን ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው፣ ስኳርም ያለባቸው አሮጊት ናቸው። ብቸኛ ልጃቸው ኢንጅነር ነው፤ ሥራው ያለው ሩቅ ስለሆነ የእናቱን ደኅንነት የሚጠይቀው በስልክ ነው። አስታማሚ ሲፈልግ አንድ ነገር አጥብቆ ተናግሮ ነበር፦ እናቱ ሰው ሲለዋወጥባቸው ይረበሻሉና አንድ ሰው ብቻ፣ ቀንም ሌሊትም ከአጠገባቸው የማይለይ። በረዶ ተቀጠረች። ይሁን እንጂ ትምህርት ያለባት ልጅ ቀንም ሌሊትም ከአንድ አልጋ አጠገብ ልትገኝ አትችልም፤ ሥራውንም ልትለቀው አልፈለገችም። ስለዚህ ጄትን ጠራቻትና ሁለቱ አንድ ሰው ሆኑ። በአንድ ዓይነት ሳሙና ይታጠባሉ፣ አንድ ዓይነት ቅባት ይቀባሉ፤ ኮቴያቸው እንዳይለይም በሩ ሥር በተቀመጠ አንድ ጥንድ የጨርቅ ጫማ ይፈራረቃሉ። አንዷ ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ ሌላዋ አትወጣም፤ በቤቱ ውስጥ ድምፃቸው አንድም ቀን ባንድነት ተሰምቶ አያውቅም። በዚህ ብልሃታቸው ሲስቁ ወራት አለፉ። ሊስቁበት የሚገባ ነገር ግን አልነበረም፤ የታመመን ሰው ለራስ በሚመች መንገድ ማታለል ከማታለል ሁሉ የከፋ ነውና።

— አቤት እማማ! … መጣሁ፣ መጣሁ! … ማንም የለም፣ ስልክ ነው። … የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት። … አይ፣ አልተቆጣሁም፤ ድምፄ ነው እንዲህ። … እሺ፣ ቀስ ብዬ እናገራለሁ።

— ሰማሽ? በግድግዳ ይሰማሉ እሳቸው። … ምን? … ምን ላድርግ አልሽ? … ቆልፌባቸው ልሂድ? ይድገሙት እስቲ፣ እሜቴ፣ በደንብ አልሰማሁም። … «ሻያቸውን ሰጥተሽ፣ አስተኝተሽ፣ በሩን ቆልፈሽ ውጪ»! ይኼን በየትኛው ክፍለ ጊዜ ነው ያስተማሩሽ? እኔ የዚያን ቀን ቀርቼ ነበር መሰለኝ። እኔ የማስታውሰው፣ ተረካቢ ሳይመጣ ከሕመምተኛ አጠገብ አይነቃነቁም ሲባል ነው። ለፈተናም ጽፈሽዋል። አሥር ከአሥር ነው ያገኘሽው፤ ከኔ ላይ ካልቀዳሽው።

እየተናገረች በመስኮቱ ወጣ ብላ መንገዱን አየች። ጎረቤት ብትለምንስ? ከላይ ያሉት ሥራ ሄደዋል፤ ከታች ያለው ጫማ ሰፊ ደግሞ ሱቁን ትቶ አይወጣም። የፈተና ልብሷ ተተኩሶ፣ በሩ ጀርባ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃታል።

— እኔማ ዛሬ ካልተፈተንኩ አንድ ዓመት እንደሚያስቀምጡኝ ታውቂያለሽ። … ታውቂያለሽ ወይስ አታውቂም? … ታዲያ እያወቅሽ ነው! … ሄሎ? አትቆራረጪብኝ። … ምን አልሽ? ቅጥሩ በኔ ስም ነው? … አዎ፣ በኔ ስም ነው። … አሃ! ስለዚህ ኢንጅነሩ ቢጠይቅ የምጠየቀው እኔ ብቻ ነኝ? አንቺ እዚህ ቤት እግርሽም አልረገጠ? … እስቲ ልጠይቅሽ፣ ይኼን አሁን ነው ያሰብሽው ወይስ ደመወዙን ለሁለት ስንካፈልም ታስቢው ነበር? … አትሳቂ! … ታዲያ ያ ምንድን ነው፣ ሳል ነው?

— አቤት እማማ? … ምን? … ራበዎት? አሁን እኮ ቁርሱን አንሺልኝ አሉኝ። … እሺ፣ መልሼ አመጣዋለሁ። … አዎ፣ እጄ ቀዝቃዛ ነው፤ ዛሬ ብርድ ነው። … ኧረ የሸሚዜን ቁልፍ ነገር ይተዉት፣ እማማ! ኋላ ይተክሉልኛል።

አሮጊቷ ጠዋት መርፌ ስትወጋቸው የሸሚዟን እጅጌ በጣታቸው ዳብሰው፣ ይህቺ ቁልፍ ትናንት አልጠፋችም ነበር ብለው ስቀውባታል። በረዶም አብራ ስቃለች፤ የትናንቱ ሸሚዝ ሌሊቱን እዚህ ያደረችው የጄት መሆኑን የሚያውቅ ከራሷ በቀር ያለ አልመሰላትምና።

— እማማን ነበር። … ደኅና ናቸው፤ ቁርስ እምቢ አሉ፣ አሁን ደግሞ ራበኝ ይላሉ። … የምን «አረጁ» ነው! አንቺም ብትደርሺ ታረጂያለሽ፤ እርግጥ ጄት ስለሆንሽ ፈጥነሽ ትደርሻለሽ። … ስሚ፣ ወሬ አታስቀይሪብኝ። ሌላው ቢቀር ስትወጪ መርፌያቸውን እንኳ ወግተሽ ብትሄጂ ምን ነበረበት? እኔ ደረጃውን ወጥቼ ሳልተነፍስ ገብቼ፣ ጓንቴን በጥርሴ እየሳብኩ መውጋት ነበረብኝ? ለዚያውም ደውዬልሽ ስልክሽ ዝግ ነው። … ሄሎ? … ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?

በረዶ ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችው፤ አልተቋረጠም። መልሳ አስጠጋችው።

— ምን? … ምን አልሽ? … ወግቻቸዋለሁ? … ወግቻቸዋለሁ ነው ያልሽኝ? … አትቀልጂ። እንዲህ ያለ ቀልድ የለም። ብርጭቆው እኮ ቆሞ ነው ያገኘሁት!

ብርጭቆው ከማቀዝቀዣው ላይ ነበር። የሁለቱ ምልክት እሱ ነበር፦ ኢንሱሊኑን የወጋች ስትወጣ ብርጭቆውን ትደፋዋለች፤ ተደፍቶ ከተገኘ ተወግተዋል፣ ቆሞ ከተገኘ አልተወጉም። እማማን «ጠዋት መርፌ ተወግተዋል?» ብሎ መጠየቅ አይሆንም፤ አንድ ሰው የገዛ እጁ የሠራውን አይጠይቅምና። በሌላ ማንኛውም ቤት አስታማሚ ሕመምተኛውን በአንድ ቃል ጠይቃ የምታረጋግጠውን ነገር፣ እነዚህ ሁለቱ ውሸታቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ለአንድ የሻይ ብርጭቆ አደራ ሰጥተውት ነበር።

— ደፍቼው ነበር? … ታዲያ ማን አቆመው፣ ነፋስ? … ውሃ ጠምቶሽ? … ደፍተሽው፣ ከዚያ አንሥተሽ ውሃ ጠጣሽበት! … ጠጥተሽ ቀጥ አድርገሽ አስቀመጥሽው! … ኧረ ጌታዬ! … ጄት፣ እኔም ወግቻቸዋለሁ። ሙሉውን። ሁለት ጊዜ ተወግተዋል፣ ይገባሻል? ለዚያውም ምንም ሳይበሉ!

ወደ መኝታ ቤቱ በሩጫ ገባች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋው፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው የልብስ ስፌት መኪና፣ የክር ማጠንጠኛዎች የተደረደሩበት መደርደሪያ፣ ሌላ የለውም። እማማ ትራሳቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ግንባራቸው በላብ ረጥቧል፤ ቀኝ እጃቸው በአንሶላው ላይ፣ በማይታይ ጨርቅ ላይ መርፌ እንደሚያስኬድ ሁሉ፣ ይንቀጠቀጣል።

— እማማ! እማማ፣ ፊትዎን ወደ እኔ ያዙሩ። … አዎ፣ እኔ ነኝ። … ጣትዎን ይስጡኝ፤ ትንሽ ቆንጠጥ ላደርገው ነው። … አይዞዎት።

— አትዝጊ! ብትዘጊ ወዮልሽ! እየለካኋቸው ነው። … ወርዷል። … በጣም ወርዷል፣ ምኑን ልንገርሽ! ስኳር የት ነው ያለው? ስኳሩን የት ነው ያኖርሽው? … ከሩዙ ጀርባ። እሺ።

ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ያገኘችው ብርጭቆ ያው ብርጭቆ ነበር፤ ሌላ ለመፈለግ ጊዜ አልነበራትም። ስኳሩን ያለ ልክ ገልብጣ፣ በውሃ በጥብጣ፣ የአሮጊቷን ራስ በክንዷ ደገፈች።

— ይጠጡ እማማ። … ጣፋጭ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ዛሬ ተፈቅዷል። … ሐኪሙን ተዉት፣ እኔ እመልስለታለሁ። … እንዲያ፤ ቀስ እያሉ፣ እንዳያንቅዎት።

— ጄት! ስንት ሰዓት ላይ ወጋሻቸው? … ሰዓቱን ነው የጠየቅሁሽ። … ሙሉውን ነው ወይስ የቀነስሽው ነገር አለ? … ሐኪም ይጠይቀኛል፤ ምን ልበለው? … ምን? … «መጀመሪያ ማዪልኝ»? … አሁን? አሁን ነው የምምልልሽ? እሳቸው ክንዴ ላይ ላብ በላብ ሆነው እየተንቀጠቀጡ፣ አንቺ ከኔ ጋር ትደራደሪያለሽ? … ለኢንጅነሩ እንዳልናገር። እሺ። … ለትምህርት ቤቱም። … ለአዲሱ ክሊኒክሽም። ሌላስ? ለጫማ ሰፊው መንገር ይቻላል?

በመስመሩ ወዲያኛው ጫፍ የነበረው ልቅሶ ነበር። በረዶ ግን አልራራችም። ሰው የሚያለቅሰው ስለ ሁለት ነገር ነው፦ ስለ ሠራው ሥራና ሥራው ስለሚያመጣበት መዘዝ፤ የትኛው እንደሆነ ደግሞ የሚያዳምጥ ጆሮ አያጣውም።

— አትነፍርቂብኝ! ሰዓቱን! … ሄሎ! ሰዓቱንና ልኩን ንገሪኝ፣ ከዚያ እስኪበቃሽ አልቅሺ። … ስሚ፤ ካልነገርሽኝ አልምልም፣ አልለምንም፤ ክሊኒክሽ ድረስ አምቡላንሱን ይዤልሽ እመጣለሁ፤ በሩ ላይ በስምሽ እጠራሻለሁ። … ጎሕ ሳይቀድ። … ሙሉውን። … እርግጠኛ ነሽ? … ምንም አላበላሻቸውም? … ምንም። እሺ። ይኼን ለመናገር ይኼ ሁሉ ጣር!

— አቤት እማማ? … አይ፣ እርስዎን አይደለም የምቆጣው። … ይጨርሱት፣ ትንሽ ናት የቀረችው።

ከዚያም ወራት ሙሉ ልትጠይቀው ያልቻለችውን ጥያቄ፣ ስልኩን ሳትዘጋ፣ ድምፅዋንም ሳትለውጥ ጠየቀች።

— እማማ፣ ዛሬ ጠዋት ስንት ጊዜ ነው መርፌ የተወጉት? … ሁለት? … ያውቁ ነበር? … ሁለተኛው መሆኑን እያወቁ ሆድዎን ገልጠው ሰጡኝ? … ታዲያ ለምን አይነግሩኝም፣ እማማ? … «ያችኛዋ»? … የትኛዋ ያችኛዋ?

አሮጊቷ ሲመልሱላት ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ ምላሳቸው ከብዷል። በረዶ ወደ ከንፈራቸው ጎንበስ አለች። የስልኩ ጫፍም ከሁለቱ ፊት መካከል ነበርና፣ በወዲያ በኩል ያለችውም ልቅሶዋን አቋርጣ ታዳምጥ ነበር።

— የሷ እጅ ይሞቃል ነው የሚሉት? … አዎ፣ ይሞቃል። … እሷ አንሶላ ስታነጥፍ ጠርዙን አትመልስም? … ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት? … ከመጀመሪያው ሳምንት! … ለልጅዎ አልነገሩትም? … ለምን? …

መልሱን ስትሰማ ቀና አለች። ትንሽ ጊዜ ግድግዳውን፣ የተሸፈነውን መኪና፣ በእግሯ ላይ ያለውን የሁለት ሰው ጫማ ተራ በተራ አየች። ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። አሁን አትጮህም፤ ይህም ከጩኸቱ ይልቅ የከፋ ነበር።

— ሰማሽ? … አልሰማሁም አትበዪ፤ ትንፋሽሽን ይዘሽ ስታዳምጪ ነበር። ልድገምልሽ። «አንዷ ወግታኛለች ብዬ ብናገር ሁለት መሆናችሁ ይታወቃል፤ ሁለት መሆናችሁ ከታወቀ ልጄ ያባርራችኋል፤ ያን ጊዜ በምን ትማራላችሁ?» ነው ያሉት። «መድኃኒት ትንሽ ቢበዛ ምን ይለኛል ብዬ ነው» አሉ። … እኛ እሳቸውን አታለልን ብለን ይኼው ስንት ወር ሳቅን። እሳቸው ውሸታችንን በገዛ ሆዳቸው ተሸከሙልን። … አይ፣ አንቺን ብቻ አይደለም። እኔም ሰው ትቼ ብርጭቆ ጠይቄ ወጋሁ። … አትጽናኚበት! «እኔም» ያልኩት ልታርፊ ብዬ አይደለም።

— እማማ፣ አይተኙብኝ። … ያውሩልኝ። የሸሚዜን ነገር ያውሩልኝ። … ነጭ ክር? … ነጭ ክር ከየትኛው ማጠንጠኛ? … እሺ፣ ይንገሩኝ፣ እየሰማሁ ነው።

— አሁን እዘጋለሁ። … መዝጋቴ አንቺን ላሳርፍ አይደለም፣ ስልኩ ያስፈልገኛል። አምቡላንስ እጠራለሁ። ከዚያ ኢንጅነሩ ጋ እደውላለሁ። … አዎ፣ እሱም ጋ። … ከዚያ ፈተናው ጋ። … ምን እላቸዋለሁ? ሕመምተኛ ላይ ነኝ፣ ተረካቢ የለኝም እላቸዋለሁ። ዓመቱን ካስቀመጡኝ ያስቀምጡኝ። … የምን ጀግንነት ነው? ጀግና ብሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ሁለት ነን ብዬ እገባ ነበር። … ስምሽን? … ጄት፣ ስሚኝ፤ አስታማሚዋ ማን ናት ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ሁለት ነን እላለሁ። … ከነሙሉ ስምሽ። … ጩኺ፤ እዚያ የሚሰማሽ አዲስ አለቃ አለሽ። … አይ፣ አልማልኩልሽም። ሰዓቱን ነገርሽኝ እንጂ እኔ አልማልኩም። …

— እማማ፣ እጄን ይያዙ። … አዎ፣ ቀዝቃዛው ነው።

አውራ ጣቷን ስልኩ ላይ ጫነች፤ መስመሩም ጠፋ።